በዕርቅ የማይዘጋ ክስ

«አላነሳውም አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ? በአፌ አላነሳውም!»

ጴጥሮስ ይህን ሲል ማንኪያውን ሰሃኑ ላይ ስለጣለው ወጡ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ተረጨ።

«አንሳው አይደለም የምልህ» አለ ፀጋዬ። «ዝጋው ነው የምልህ።»

«ሳይነሳ የሚዘጋ ነገር አለ? ምነው፣ እኔን ሕፃን አደረግከኝ?»

«ረጋ በልና ስማኝ።»

«ሰማሁህ። በአንድ ጆሮም ቢሆን ሰማሁህ!»

የጴጥሮስ ሚስት አርያም ከዕቃ ማጠቢያው ዞር ብላ ሁለቱን ወንዶች ተራ በተራ አየቻቸው። የጴጥሮስ ግራ ጆሮ እንደማይሰማ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያን ጆሮ ያጠፋው ፀጋዬ መሆኑን ደግሞ እሷ ታውቃለች። ነገር ግን ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ኤሪን ውድስ ሰፈር በሚገኘው በዚህ ቤት ውስጥ ይህ ነገር በቃል ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር። ፀጋዬ ካልጋሪ ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ምሳ ይበላል፤ ሁልጊዜም ማንም ሳይነግረው ከጴጥሮስ በስተቀኝ ይቀመጣል።

ነገሩ የተጀመረው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ሁለቱ ሕንድ አገር፣ ፑንጃብ ውስጥ ፓቲያላ በምትባል ከተማ ማስተርስ ሲማሩ አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የግንቦት ሙቀት ሲብስና መብራት ሲጠፋ በዚያ አገር ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ሰው አልጋውን ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የእነሱ ጣሪያ ነፋስ የሚያገኝ አንድ ጥግ ብቻ ነበረው። በዚያ ጥግ ሰበብ ተጣሉ። ጴጥሮስ የፀጋዬን እናት ሰደበ፤ ፀጋዬ የጎረቤት ልጆች ትተውት የወረዱትን የክሪኬት መጫወቻ ዱላ አነሳ። ሆስፒታሉ ለፖሊስ አሳወቀ፣ ፖሊስ መጥቶ ቃል ተቀበለ፣ ፀጋዬም ታስሮ በዋስ ወጣ።

ወዲያው ሽማግሌ ገባ። ለዶክትሬት የመጡ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ መሪያቸው ፍልስፍና ሊማሩ የመጡ አባ ገብረመድኅን የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። አስታረቋቸው። ፀጋዬ የጴጥሮስን ጉልበት ሳመ፤ ሁለቱ ካንድ ሰሃን ጎረሱ። በመጨረሻ አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ፦ «ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር በአፉ ያነሳ፣ የቆሰቆሰ፣ በሐዋርያት ሥልጣን ውግዝ ይሁን!» ሁሉም አሜን አለ። ለፀጋዬ ነገሩ በዚያች አሜን አለቀ። ፀጋዬ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ፣ መሲን አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ፤ ዱባይ ብዙ ዓመት ሠራ፤ ከዚያ በሥራ ፈቃድ ካልጋሪ መጥቶ ኦግደን ሰፈር የጭነት መኪና ተጎታች የሚጠገንበት ጋራዥ ተቀጠረ። ቋሚ መኖሪያ ሲያመለክት ከኖረበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ተጠየቀ። የኢትዮጵያው መጣ፤ የዱባዩ መጣ። ከሕንድ የመጣው መልስ ግን ክሱ እንዳልተዘጋና ተከሳሹ እንደተሰወረ የሚገልጽ ነበር።

«መዝጊያው አንድ መንገድ ብቻ ነው» አለ ፀጋዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ ውል አዋዋይ፣ ኖታሪ ፊት ቀርበህ ታርቀናል ብለህ ትምላለህ። በቃ። ካልሆነ ማመልከቻው ሪጄክት ይሆናል፤ መሲና ልጅቷ አይመጡም፤ እኔም የሥራ ፈቃዴ ሲያልቅ ውጣ እባላለሁ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ታርቀናል እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምንታረቀው?»

«እነሱ አያውቁትም።»

«ስለ ግዝቱስ ያውቃሉ? ነገሩን ያነሳ ውግዝ ይሁን ተብሏል። አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። የልጆች አባት ነኝ፣ ፀጋዬ። ለአንተ ወረቀት ብዬ ውግዝ ልሁን?»

አርያም እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ያሰረው ይፍታው። አባ በሕይወት አሉ አይደል? ኮል አድርጉላቸዋ!»

ጴጥሮስ ሰሃኑን ገፋ አደረገ። «ፓርክ ያደረግክበት ቦታ መኪናዬን ዘግቶብኛል» አለ፣ ለፀጋዬ ሳይሆን ለመስኮቱ በሚመስል ድምፅ።

*

ፀጋዬ የሚኖረው እዚያው ካልጋሪ፣ ሳቫና ሰፈር፣ ከፑንጃብ የመጡ ቤተሰቦች ቤት ሥር በተከራየው ምድር ቤት ነው። ከላይ የሕፃናት ሩጫ፣ የትልልቅ ሰዎች ሳቅ፣ የሽንኩርት ጥብስ ሽታ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ከሚያወሩት አንዳንድ ቃል ይገባዋል፤ ውሃ፣ ና፣ ቶሎ በል። እሱ ግን ፓቲያላ ኖሮ እንደነበር ለአከራዮቹ አልነገራቸውም። ቢነግራቸው በደስታ ሻይ አፍልተው ስለ አገራቸው ሊጠይቁት ይችላሉ፤ መቼ ሄድክ፣ መቼ ወጣህ፣ እንዴት ወጣህ ይሉታል። ስለዚህ በደረጃው ሲያልፉ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላል፤ በሩን ይዘጋል።

ክሱን እንድትከታተልለት የያዛት ጠበቃ ሲምራን ትባላለች፤ ሕንድ አገር ቻንዲጋር ከተማ ነው የምትሠራው። በስልክ ስታወራ አትቸኩልም። በመጀመሪያው ቀን ፀጋዬ «እኔ ወንጀለኛ አይደለሁም» ብሎ ሲጀምር አስቆመችው።

«ማንም ወንጀለኛ አላለህም፣ ሚስተር ፀጋዬ። ቃላቱን ለይተን እንያዛቸው። ፖሊስ መጀመሪያ የጻፈው ኤፍ አይ አር ይባላል። የመጀመሪያው ወሬ ማለት ነው፤ ፖሊስ የሰማውን ጻፈ፣ አለቀ። እውነት ነው ማለት አይደለም። ቀጥሎ መርምረው ቻርጅ ሺት አስገቡ። ያ ደግሞ ፖሊስ ‹ያደረገው ይመስለናል› ብሎ ለፍርድ ቤት ማቅረቡ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ተከሳሽ ነህ። ተከሳሽና ጥፋተኛ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ዳኛ አለ። አንተ ግን ዳኛው ሲጠራህ አልመጣህም።»

«አገሬ ገብቼ ነበር። ታርቀን ነበር እኮ።»

«በጣም ጥሩ። የት ነው የታረቃችሁት?»

«ቄስ ፊት።»

ሴትየዋ እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ አስረዳችው። በሕጋቸው አንዳንድ ወንጀል ኮምፓውንደብል ይባላል፤ ተበዳዩና በዳዩ ሲስማሙ በዕርቅ የሚዘጋ ነው። ጥፊ፣ ቡጢ፣ ቀላል ጉዳት እንደዚያ ነው፤ የተመታው ሰው ትቼዋለሁ ካለ ክሱ ይሞታል። አጥንት የተሰበረበት፣ ዓይን ወይም ጆሮ የጠፋበት ግን ከባድ ጉዳት ይባላል። ያ ከባድ ጉዳት ሰው ሊገድል በሚችል ነገር ሲደርስ ደግሞ ዕርቅ አይዘጋውም።

«ሕጉ ባለፈው ስሙንም ቁጥሩንም ቀይሯል፤ ያንተ ግን በአሮጌው ነው የሚታየው» አለችው። «በአሮጌውም በአዲሱም የዚህ ክስ ባለቤት ጓደኛህ ብቻ አይደለም። መንግሥትም ነው።»

ፀጋዬ ይህ ሊዋጥለት አልቻለም። ባለደሙ ይቅር ካለ መንግሥትን ማን ጥልቅ በል አለው? በአባቱ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር እንኳ ዋርካ ሥር ያልቃል። ነገር ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕርቁ እውነተኛ መሆኑን ካመነ ክሱን ሊሰርዘው እንደሚችል ስትነግረው ትንፋሹ መለስ አለ። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው የጴጥሮስ ቃለ መሐላ ነበር።

*

አባ ገብረመድኅን እንጦጦ ሥር ካለች ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። ቁጥራቸውን ያገኘችው አርያም ናት፤ በዘመድ በኩል፣ በስንት ሰው ዞራ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጠው ከበቡት።

«ማን? ማን አላችሁ?» አሉ አባ፣ ከርቀት በሚመጣ የሽማግሌ ድምፅ።

«ጴጥሮስና ፀጋዬ ነን አባ። ፓቲያላ ያስታረቁን።»

«ፓቲያላ... አሃ! የጣሪያው ልጆች! አላችሁ እንዴ? አብራችሁ ናችሁ?»

«አንድ ከተማ ነን አባ። ካናዳ።»

«ተመስገን! እኔ እኮ ሰው ሲጣላ የእናንተን ነገር ነው የምነግረው። ‹እንዲህ ተጣልተው፣ እንዲህ ታርቀው› እያልኩ። ስማችሁን አልጠራም እንጂ።»

አርያም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ፀጋዬ ጉዳዩን አስረዳቸው። አባ ዝም ብለው ሰሙና መጨረሻ ላይ ድምፃቸው በመገረም ከፍ አለ።

«ፍርድ ቤቱ ገና አለ እንዴ? እኛ እኮ ለፖሊሱም ነግረነው ነበር! ሽማግሌዎቹ ሁላችንም ተሰብስበን ሄድን። ታርቀዋል፣ ነገሩ አልቋል አልነው። በወተት የተፈላ ሻይ አጠጣን። ራሱን እንዲህ እንዲህ ወዘወዘ፣ ፈገግ አለ፣ እስከ በሩ ሸኘን። ተስማማ ብለን በእልልታ ነው የተመለስነው።»

ፀጋዬ ያንን የራስ አወዛወዝ ያውቀዋል፤ እዚያ አገር ስንት ዓመት ኖሮ አዎ ይሁን አይ ይሁን ለይቶት አያውቅም። ፖሊሱ በደግነት ሻዩን ካጠጣ በኋላ መዝገቡን መደርደሪያው ላይ መልሶት ይሆናል።

«ግዝቱን እንዲፈቱልን ነው አባ» አለ ጴጥሮስ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ።

«ለእውነት ከሆነ ምን ገዶኝ! በሉ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ።» ሦስቱም አቀረቀሩ። አባ በግዕዝ ጥቂት ደግመው «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ። «እንግዲህ ተነጋገሩ። ተፈታችኋል።»

ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱ ወንዶች ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ እያዩ ተቀመጡ፤ ተነጋገሩ ቢባሉም አንዱም አልተናገረም። ጴጥሮስ በመጨረሻ «ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ እወጣለሁ» አለ።

*

የኖታሪው ቢሮ ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ በአንድ የልብስ ስፌትና በአንድ ጣፋጭ ቤት መካከል ነው። ሰውየው የፑንጃብ ጥምጥሙን ደጋግሞ የሚያስተካክል፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ነበር። ሲምራን የላከችውን ጽሑፍ ጴጥሮስ ፊት አኖረና «በደንብ አንብበው፤ ከዚያ እጅህን አንስተህ ትምላለህ» አለው።

ጴጥሮስ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በዝግታና በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ፀጋዬ ከጎኑ ተቀምጦ ጣቱን ያያል። ጣቱ እየወረደች እየወረደች ከታች አካባቢ ቆመች። ወደ ላይ ተመለሰች። እንደገና ወርዳ ያው ቦታ ቆመች።

«ሰር፣ አንድ ደቂቃ» አለ ጴጥሮስ በእንግሊዝኛ። ለፀጋዬ ደግሞ በአማርኛ፦ «ና ውጪ።»

ውጪ ነፋሱ ሞቅ ብሎ በረዶውን ያቀልጥ ነበር፤ የመኪና ማቆሚያው ውሃ ተኝቶበታል። ጴጥሮስ ጃኬቱን ሳይቆልፍ ቆመ።

«‹ያለ ማንም ግፊት፣ በገዛ ፈቃዴ ታርቄያለሁ› ይላል» አለ።

«አዎ። ዳኛው የሚፈልገው እሱን ነው። ፍሪ ዊል ምናምን።»

«እኔ በገዛ ፈቃዴ አልታረቅኩም።»

ፀጋዬ ውሃውን ረግጦ ቀረበው።

«ትዝ ይልሃል ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን? አንተ በር ላይ ነበርክ። እኔ ራሴ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ክፍሉ እየዞረብኝ ነው የተቀመጥኩት። ተቀመጡ አልኳቸው። እሺ ካላልክ አንቀመጥም አሉ። ውሃ ቅመሱ አልኩ። እህል ውሃ አንቀምስም አሉ። በዚያ ሙቀት! አባ መስቀላቸውን ይዘው ላባቸው በጺማቸው ይወርዳል። እስከ መቼ አቆማቸዋለሁ? የሰው ልጅ ነኝ። እሺ አልኩ። እንዲቀመጡ ብዬ ነው እሺ ያልኩት፣ ፀጋዬ።»

«እኔ ግን... ከዚያ ወዲህ እኮ ጓደኛዬ ነህ።»

«ነኝ። እሱ ሌላ ነው።» ጴጥሮስ ዓይኑን ከመኪኖቹ አላነሳም። «ሌላም አለ። ወረቀቱ ‹በመካከላችን በተነሳ ድንገተኛ ጠብ› ይላል። ጠብ ምንድነው? አንተ ስትመታኝ እኔ ተኝቼ ነበር።»

«ቆመህ ነበር።»

«ተኝቼ ነበር።»

«ጴጥሮስ፣ ቆመህ እናቴን ሰደብክ፤ ፊት ለፊቴ...»

«ሰድቤሃለሁ። ያን አልክድም፤ እናትህ ነፍሷን ይማረው። ሰደብኩህና ተኛሁ። በቀኝ ጎኔ፣ ጀርባዬን ሰጥቼህ። ዱላውን አላየሁትም። ሆስፒታል ስነቃ ጣሪያው የተደረመሰብኝ መስሎኝ ነርሷን የጠየቅኳት ‹ፀጋዬስ ተረፈ?› ብዬ ነው።»

ከጣፋጭ ቤቱ ሰዎች ካርቶን ይዘው ወጡ፤ እየሳቁ በመካከላቸው አለፉ። ፀጋዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ለራሱ ሲተርክ የኖረውን ፊቱ አመጣ፤ ጴጥሮስ ቆሞ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ስድቡ ገና ከንፈሩ ላይ። አንድ ጊዜም ጮክ ብሎ ተናግሮት ስለማያውቅ ማንም «እንደዚያ አይደለም» ብሎት አያውቅም ነበር። አሁን ያ ጣሪያ ሲታሰበው የታጠፈ አንሶላና የዞረ ጀርባ አየ። መቼ እንዳየው አላወቀም፤ ያየው ግን እሱ ነው።

«ይቅር በለኝ» አለ።

ጴጥሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። «ለእኔ ነው ወይስ ለወረቀቱ?»

ፀጋዬ አፉን ከፈተ። ለአንተ ነው ሊል ነበር። ቃሉ ግን ገና ሳይወጣ መሲ ታየችው፤ ልጅቷ ታየችው፤ የኢሚግሬሽኑ ቀነ ገደብ ታየው።

«አላውቅም» አለ።

«እኔም አላውቅም።» ጴጥሮስ በረዥሙ ተነፈሰ። «ስማ። እፈርምልሃለሁ። እጄን አንስቼ እምላለሁ። ሐሰት ነው፤ ግን ለልጅህ ስል አደርገዋለሁ፤ ንስሐዬን እኔው እገባለሁ። አንተ ብቻ ‹ማል› በለኝ። አንተ በለኝና እገባለሁ።»

ኖታሪው በመስታወቱ በኩል ሰዓቱን ሲያይ ይታያል። ፀጋዬ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«ተወው» አለ። «ሂድ፤ ሺፍትህ እንዳያልፍህ።»

«እኔ ሺፍት የለኝም፤ ኦፊስ ነው የምሠራው» አለ ጴጥሮስ፣ እና ሁለቱም ያለ ፈቃዳቸው ፈገግ አሉ። «ልሸኝህ?»

«መኪናዬ ተበላሽታለች፤ በባስ እሄዳለሁ።»

*

ፀጋዬ ቃለ መሐላው እንደማይመጣ ለሲምራን ደውሎ ነገራት። እሷም ቀሪውን መንገድ ነገረችው። ሕንድ መጥቶ ለፍርድ ቤቱ እጁን ይሰጣል፤ ዋስትና ትጠይቅለታለች፤ ሊፈቀድም ላይፈቀድም ይችላል። ከዚያ ክሱ ይሰማል። ዕድሜውን፣ ራሱ መምጣቱን፣ የቆየ ነገር መሆኑን ዳኛው ሊያዩለት ይችላሉ።

«ስድቡን እናነሳለን» አለች። «ድንገተኛና ከባድ ትንኮሳ የሚባል ነገር አለ። ደሙ ፈልቶ ያደረገ ሰው ቅጣቱ ይቀንሳል።»

«ሰድቦኝ ተኝቶ ነበር» አለ ፀጋዬ።

«ይህን አንተ ነህ የምትናገረው?»

«አዎ።»

«እንደዚያ ከሆነ ትንኮሳው አይረዳህም። ካናዳም የምትመለስበት ነገር አይመስለኝም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

መሲ ግን አልገባትም። «ማን ሂድ አለህ?» አለች ከአዲስ አበባ። «ጴጥሮስ እምቢ አለህ?»

«እምቢ አላለኝም።»

«ታዲያ?»

እንዴት እንደሚያስረዳት ፈለገ። ስለ ኤፍ አይ አር፣ ስለ ተከሳሽና ጥፋተኛ ሊነግራት ጀመረና ተወው፤ እነዚያ ቃላት የሲምራን ነበሩ። «መትቼዋለሁ፣ መሲ» አላት። «ተኝቶ ነው የመታሁት።» እሷም ልጅቷ የቤት ሥራዋን እየሠራች መሆኑን፣ በኋላ እንደምትደውል ነገረችው። አልደወለችም። ከላይ ሕፃናቱ ሲሮጡ እየሰማ ሸሚዞቹን አጠፈ።

ወደ ሕንድ የሚሄድበት ቀን እሑድ ነበር። ሻንጣውን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ አንድ የሚያውቀው ሱቅ አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ገባና በወንዶቹ በኩል ከኋላ ቆመ። ጴጥሮስ ከፊት ነበር፤ እንደ ልማዱ ቀኝ ጆሮውን ለሰባኪው ሰጥቶ። አርያም በሴቶቹ በኩል የሌላ ሰው ልጅ ታቅፋ ታባብላለች። ቅዳሴው አልቆ ማስታወቂያ ተጀመረ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዓት ተቀይሯል፣ ክርስትና የተነሳ ሕፃን አለ፣ ሰማያዊ መኪና መውጫውን ዘግቷል ተባለ። ሰው ሁሉ ሕፃኑን ለማየት ወደ ፊት ዞረ፤ እልልታ ሆነ። ጴጥሮስ ከጎኑ ያለው ሰው የነገረውን ሰምቶ ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ፀጋዬ ተሳልሞ ወደ ኋላ ወጣ። ከመደርደሪያው ጫማውን አወረደ፣ ክሩን አሰረ፣ በሩ እንዳይጮህ በእጁ ደግፎ ዘጋው።